ወባ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፦ በጎጃም የትኩሳት ምርመራ ለምን ያምታታል?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በጎጃም ቆላና ወይና ደጋ የሚሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። እገሌ ወባ ይዞት ተኝቷል። እገሊት ደግሞ ተመርምራ «ወባ የለብሽም፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብላ አንድ ፌስታል መድኃኒት ይዛ ተመልሳለች። ሌላው ሁለት ቦታ ሄዶ ሁለት መልስ ይዞ መጥቷል፤ አንዱ ጋ ኔጌቲቭ፣ አንዱ ጋ ፖዘቲቭ። ከዚያ ክርክር ይነሳል። መሣሪያው ነው ወይስ ባለሙያው? ወይስ መድኃኒት ሊሸጡብን ነው?

ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለገበያ ብለው የሚመረምሩ የሉም ማለትም አይቻልም። ግን አብዛኛው መምታታት የሚመነጨው ከምርመራዎቹ ከራሳቸው ባሕርይ ነው። አንዳንዱ ምርመራ በሽታው ሳይኖር «አለ» ይላል፣ ሌላው ደግሞ እያለ «የለም» ይላል። የትኛው ወደየት እንደሚስት ማወቅ ነው ዋናው ነገር።

ወባው ራሱ ተመልሷል

እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በዓመት የሚመዘገበው የወባ ታማሚ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። ያኔ ወባን እስከ 2030 ማጥፋት የሚለው ዕቅድ ሲነገር ሰሚው አይስቅም ነበር። በ2024 ግን ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። አማራ ክልልም ብዙ ታማሚ ከተመዘገበባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ግጭቱ መንገድ ዘግቶ የኬሚካል ርጭቱንና የአጎበር ሥርጭቱን አስተጓጉሏል፣ የመድኃኒትና የመመርመሪያ አቅርቦት ይቆራረጣል፣ ዝናቡ ወቅቱን አይጠብቅም።

የጎጃም መልክዓ ምድርም ለዚህ የተመቸ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ያልፋል። ወባ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የሚገኝ በሽታ ስለሆነ አንድ ሰው ወባ ከሌለበት መንደሩ ተነስቶ በአንድ ቀን መንገድ ወባ ወዳለበት ይደርሳል። ይደርሳልም። የሞጣውና የቢቸናው ጎልማሳ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማና ሑመራ፣ ለቀን ሥራ ጃዊ ይወርዳል፤ ሰውነቱ ወባን ለምዶ አያውቅምና ሲይዘው አያያዙ ክፉ ነው። ከፍታውም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የተነሳው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር አዳርሶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሟል፣ 150 ሺህ ያህል ገድሏል ተብሎ ይገመታል።

ይህ ነገር ለምርመራም ትርጉም አለው። በአንዳንድ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ትልቅ ሰው ተውሳኩን በደሙ ይዞ ምንም ሳይለው ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ደሙ ላይ ወባ ቢገኝ እንኳ ትኩሳቱ ከሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የጎጃም ሰው ግን ያን ያህል የዳበረ መከላከያ ስለሌለው ደሙ ላይ ወባ ከታየ በአብዛኛው ያተኮሰው እሱ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወባ ሳይታይ ሲቀር ነው።

ወባ ካልሆነስ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። በሰሜን ታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ አካባቢ፣ ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ 870 ሰዎች ተመረመሩ። ከነዚህ ውስጥ ሐኪሞቹ «ወባ ነው» ብለው የገመቱላቸው 528 ነበሩ። በተሟላ ላቦራቶሪ ሲጣራ ወባ የሆነው የ14ቱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ላይ የደም ኢንፌክሽን፣ ከእንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎችና ቫይረሶች ተገኙ፤ የብዙዎቹ ምክንያት ደግሞ ጭራሽ አልታወቀም። ይህን ቁጥር እንዳለ አንስቶ ጎጃም ላይ መለጠፍ ስህተት ነው፤ እዚህ ወባው ብዙ ነው። የሚያሳየው ግን ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በትኩሳት ብቻ ወባን መለየት እንደማይችል ነው። ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ማላብ፣ ማስመለስ የብዙ በሽታ የጋራ ምልክት ነው።

በአገራችን የሚጠረጠሩት ደግሞ ሰፊ ናቸው። ታይፎይድ በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣል። ታይፈስ፣ ብዙ ሰው ተስቦ የሚለው፣ በልብስ ቅማል ይተላለፋል። ግርሻ የሚባለው ተመላላሽ ትኩሳትም እንዲሁ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይመጣል። የሳንባ ምች፣ የማጅራት ገትር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ጥሬ ወተት ከመጠጣት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሙ ሳይታወቅ በራሱ የሚሄድ የቫይረስ ትኩሳት አለ፤ በተለይ ሕፃናት ላይ አብዛኛው ይሄ ነው።

«ምች ነው» የሚባለውም አለ። ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ ፀሐይ መታኝ ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ይጠጣል። ያ ቁስል ግን ከንፈር ላይ የሚወጣው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ቫይረስ ሌላ ትኩሳት ሲቀሰቅሰው ነው። ትኩሳቱ ወባም የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። በዳማከሴው ሽታ መታደስ ምንም አይደለም፤ ፌጦም በሎሚ ቢበላ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ሦስት ቀን እሱን እየጠበቁ መቆየት ነው።

«ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው ወረቀት

ወባው የለም ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ይህ ነው። ሁለቱ ስሞች እንደ መንታ አብረው ስለሚነገሩ ብዙ ሰው አንድ በሽታ ይመስሉታል። አይደሉም። የሚያመሳስላቸው የምርመራው ዓይነት ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያው ደሙን በማሽን አሽከርክሮ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለውን፣ ይለያል። አንድ ጠብታ ሰሌዳ ላይ ያደርጋል። ከትንሽ ብልቃጥ ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀለም ያለው ሌላ ጠብታ ይጨምርበታል፤ በውስጡ የሞተ ባክቴሪያ አለ። በስንጥር ያማስለዋል። ሰሌዳውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ወዲያ ወዲህ እያዘነበለ ያያል። ፈሳሹ እንደነበረ ከቀጠለ ኔጌቲቭ፣ ደቃቅ ቅንጣት እየሠራ ከተቋጠረ ፖዘቲቭ። አለቀ። የታይፎይዱ ዊዳል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። የታይፈሱ ዌል ፌሊክስ ይባላል፣ እሱም ከ1916 ወዲህ አለ። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በሠለጠነው ዓለም ዛሬ ለታሪክ ነው የሚነሱት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ከሄደ በኋላ ለወራት በደም ውስጥ ይቆያል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር የሚኖር ሰው ጤነኛ ሆኖ እያለ ቢመረመር እንኳ ሊቋጠርበት ይችላል። የታይፎይዱ ዘመድ የሆነ ሌላ ዓይነት የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ያገኘው ሰውም እንዲሁ። ወባ ራሱ ዊዳልን ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል። ዌል ፌሊክስ ደግሞ ይብሳል፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የታይፈስ ተውሳክ አይደለም፣ ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ከታይፈሱ ጋር በአንድ ነገር ስለሚመሳሰል ብቻ በእጅ አዙር ይገመታል።

በደንቡ ቢሆን ዊዳል ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው። በመጀመሪያ አንዴ፣ ከዚያ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ እንደገና፤ የአንቲቦዲው መጠን በአራት እጥፍ ካደገ ያኔ ትርጉም ይኖረዋል። ታሞ የመጣ ሰው ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። ስለዚህ በአንድ ጠብታ ይፈረዳል።

«ታይፎይድ ተመላልሶ ያዘኝ፣ አልለቀኝም» የሚለው የተለመደ እሮሮም ከዚሁ ይመጣል። ሰውየው መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። ጠፍቶ እንደሆነ ልይ ብሎ ተመልሶ ተመረመረ። አንቲቦዲው አለ፣ ወረቀቱ ፖዘቲቭ አለ፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሌላ ዙር ታዘዘ። ከሁለት ወር በኋላም እንደዚያው። ታይፎይድ አልፎ አልፎ እውነትም ሊመለስ ይችላል፤ ነገር ግን ከታከሙ በኋላ መዳንን በዊዳል ማረጋገጥ አይቻልም።

የጤና ባለሙያዎቹም መልስ አላቸው፣ መስማት ይገባል። ትክክለኛው የታይፎይድ ምርመራ ደም ወስዶ ባክቴሪያውን ማሳደግ ነው፤ ካልቸር ይባላል። ትልልቅ ሆስፒታሎች ካልሆኑ አያገኙትም፣ ቀናት ይፈጃል፣ እሱም ቢሆን ከታማሚዎቹ የማይናቅ ቁጥር ያመልጠዋል። የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ አምስት ቀን ያተኮሰው ሰው ፊቱ የተቀመጠ ነርስ ምን ያድርግ? ታማሚውም ቢሆን ምንም ሳይመረመር «ውሃ ጠጣ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስ» ቢባል ደስ አይለውም፤ ወረቀት ይፈልጋል። ታይፈስም የፈጠራ በሽታ አይደለም፣ ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበትና ልብስ በማይቀየርበት ቦታ እውነትም ይገድላል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሆኖም የማይረባ ምርመራ ከሌለ ምርመራ ይሻላል ማለት አይደለም። ምርመራው ባይኖር ነርሷ ትጠይቃለች፣ ትዳስሳለች፣ ትጠራጠራለች፤ ወረቀቱ ፖዘቲቭ ካለ ግን ፍለጋው እዚያው ይቆማል። የሳንባ ምቹም፣ ያመለጠው ወባም ተሸፍኖ ይቀራል።

ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ያለቦታው የተወሰደ ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን (በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ) ባክቴሪያን ያለማምዳል። በፓኪስታን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሁለቱም የማይበገር ታይፎይድ ተነስቶ በአፍ ከሚወሰዱት ውስጥ የቀረው መድኃኒት አንድ ለእናቱ ሆነ፣ አዚትሮማይሲን።

«ወባ የለም» ሲባልስ ይታመናል?

በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ወግታ የምትመረምርበት ትንሽ ፕላስቲክ አለ፣ አርዲቲ ይሉታል፣ ፈጣን መመርመሪያ ማለት ነው። ማይክሮስኮፕም መብራትም አይፈልግም፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ መልስ ይሰጣል። የገጠሩን የወባ ሕክምና የቀየረው እሱ ነው።

በስፋት ሲሠራበት የቆየው መመርመሪያ ፋልሲፓረም የሚባለውን፣ ገዳዩን የወባ ዓይነት፣ የሚለየው ተውሳኩ በሚያመነጨው ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። አሁን ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ከውስጣቸው የጠፋ ተውሳኮች ተገኝተዋል። እንደሌሎቹ ያሳምማሉ፣ እንደሌሎቹ ይገድላሉ፣ መስመሩ ላይ ግን አይታዩም። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ፋልሲፓረም ከያዛቸው ሰዎች 9.7 በመቶ ያህሉ በዚህ ምክንያት በመመርመሪያው ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 በመቶ ካለፈ አገሮች ወደ ሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይቀይሩ ይላል። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ወባ በሌላ ፕሮቲን ስለሚለይ ይህ ችግር የለበትም።

መመርመሪያው ወደ ሌላው ጎንም ይስታል። ኤችአርፒ2 ተውሳኩ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ወባ ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬ ጉንፋን ቢያተኩሰው መመርመሪያው «ወባ» ሊለው ይችላል።

ለዚህ ነው ማይክሮስኮፕ ዛሬም ያልተተካው። የደሙ ጠብታ መስታወት ላይ ወፍራምና ስስ ሆኖ ይቀባል፣ ደርቆ ጊምሳ በሚባል ቀለም ይነከራል፣ ዘይት ተጨምሮበት በትልቁ ሌንስ ይታያል። የለም ለማለት ቢያንስ 100 የእይታ ቦታ መቃኘት ያስፈልጋል። በጥቅምት ወረፋው በሩን አልፎ ሲሰለፍ 100 ቦታ የሚቆጥር ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አንዱ ጋ ኔጌቲቭ፣ ሌላው ጋ ፖዘቲቭ የሚባለው አንዱ ሰበብም ይኸው ነው። ሌላው ሰበብ ጊዜ ነው። ትኩሳቱ በጀመረ ዕለት ተውሳኩ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ በማግስቱ ቢደገም ይታያል። «ትናንት የለም ተብያለሁ» ማለት ዛሬ የለም ማለት አይደለም።

ማይክሮስኮፑ ሌላም ጥቅም አለው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ። ያው የወባ ስላይድ ላይ ግርሻም ይታያል፤ በቀይ የደም ሴሎች መካከል የተጠማዘዘ ቀጭን ክር መስሎ። በባሕር ዳር ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆችና በአንድ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች በዚህ በሽታ ይጠቃሉ። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ይቆይና ይለቃል፣ ሰውየው ዳንኩ ሲል ከሳምንት ወዲያ ይመለሳል። የወባ አርዲቲ ይህን ፈጽሞ አያየውም። ሕክምናው ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዶዝ ፔኒሲሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን ይበቃል። ግን መድኃኒቱ በተወሰደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ይንራል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ግፊት ሊወርድ ይችላል። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚመጣ ነገር ነው፣ አንዳንዴም ይገድላል። ስለዚህ ታማሚው መድኃኒቱን በጤና ተቋም ወስዶ እዚያው እየታየ መቆየት አለበት። ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት መዋጥ እዚህ ላይ አያዋጣም።

የት ነበርክ?

ከምርመራ ሁሉ ርካሹ ይህ ጥያቄ ነው። ባለፉት ሳምንታት ቆላ ወርደህ ነበር? ለምን ያህል ጊዜ? የት ነው የምታድረው? ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆነው? ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ የማያውቅ ሰውና ከመተማ የተመለሰ ሰው ያው 39 ዲግሪ ቢያተኩሳቸውም ጉዳያቸው የተለያየ ነው።

ጥያቄው ሲዘለል ምን እንደሚሆን ከጣና ማዶ፣ ሊቦ ከምከም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሰዎች እያተኮሳቸው፣ እየከሱ፣ እየሞቱ ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው። በ2005 ሲጣራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ አካባቢ የማይታወቅ በሽታ ስለነበር ያሰበው አልነበረም፣ ለሥራ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያመጡት እንዳልቀረ ይታመናል። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ በግራ በኩል ከጎድን በታች ጣፊያ ካበጠ፣ ሰውየውም ሰሊጥ አገር የነበረ ከሆነ፣ ሦስተኛ ዙር የወባ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ካላዛር መመርመር አለበት። ሳይታከም ከቀረ ብዙውን ጊዜ ገዳይ ነው።

መርምሮ ማከም ወይስ አክሞ ማየት?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ወባ ከመታከሙ በፊት በምርመራ ይረጋገጥ ይላል። ተቃራኒው አስተያየትም ቀላል አይደለም። መንገድ ሲዘጋ፣ ጤና ኬላው መመርመሪያ ሲያልቅበት፣ ልጅ እያተኮሰ «ውጤት ካልመጣ» ብሎ መጠበቅ ይገድላል፤ ፋልሲፓረም ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ሊከፋ ይችላል። መመሪያውም ቢሆን ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ግምታዊ ሕክምናን አይከለክልም። ልዩነቱ በአስገዳጅ ሁኔታ ማድረግና ልማድ ማድረግ ላይ ነው። መመርመሪያ እያለ ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ከመደብር ገዝቶ መዋጥ ልማድ ሲሆን ሌላው በሽታ ይሸፈናል፣ መድኃኒቱም ይደክማል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተውሳኩ አርቴሚሲኒን ለሚባለው የወባ መድኃኒት እየተለማመደ መሆኑን የሚጠቁም የዘረመል ለውጥ ታይቷል፤ ኮአርተም የተሠራው ደግሞ ከሱ ቤተሰብ ነው።

መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰድም የራሱ ነገር አለው። ለፋልሲፓረም ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ዶዝ ነው፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ነው በደንብ ወደ ደም የሚገባው። በጾም ወቅት ወተቱ ቢቀር ዘይት ያለበት ወጥ ይሠራል። ለቫይቫክስ ክሎሮኪን ይሰጣል፣ ክሎሮኪን ግን ጉበት ውስጥ የተኛውን ተውሳክ አይነካም። ያ የተኛው ከወራት በኋላ ተነስቶ እንደገና ያሳምማል። እሱን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው፣ ለ14 ቀን የሚወሰድ፣ በአራተኛው ቀን ስለተሻለን የምንተወው። ነፍሰ ጡር አትወስደውም። ጂሲክስፒዲ (G6PD) የሚባል ኢንዛይም የሚያንሰው ሰውም ደሙ ሊሟሟ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሞከርም። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ምክንያቱን አይነካም፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ አይለፍ።

ሕፃን ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘና አልነቃ ካለ የትኛውም ወረቀት አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። አዋቂም ቢሆን ራሱን እስኪስት አይጠበቅም፤ መተንፈስ ካቸገረው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወባው ከክኒን አልፏልና በደም ሥር የሚሰጥ አርቴሱኔት ያስፈልገዋል። ኮአርተሙን ጨርሶ በአራት ሳምንት ውስጥ እንደገና ያተኮሰው ሰው ደግሞ በፈጣኑ መመርመሪያ ፋንታ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ ብሎ ይጠይቅ። ቀድሞ የታከመበትን ቀንና የመድኃኒቱን ስም ለባለሙያው ቢነግር፣ የቀድሞውን ወረቀትም ይዞ ቢሄድ ሥራው ይቀላል።